እምዬ የት ትኑር

መካነ ሰላም፣ ነሐሴ 12 ቀን 1965 ዓ.ም.

ወንድም ዓለም ንጉሡ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ብርሀንነሽስ? እኔ፣ ውበቱና ልጆቻችን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከናፍቆትህ በቀር ሌላ ክፉ ነገር የለብንም ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ዘንድሮ ግን እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ሰው ዋሾ ነው።

ስለ እምዬ ለጠየቅኸኝ፣ አልመጣም ብላለች። ወደ አንተም አትመጣም፣ ወደ እኔም አትመጣም። በግንቦት ባለቤቴ ውበቱ በቅሎ ይዞ እስከ ጥድ አምባ ወርዶ ለምኗት ነበር። "ባሌ በዚህ ደብር ቀድሶ፣ እዚሁ ደብር አርፏል። መቃብሩን ለማን ትቼ ነው ከከተማ ከተማ የምዞረው?" አለችው። አባባ ሲያርፍ መሬቱ ለተተካው ቄስ እንደተሰጠ ታውቃለህ። የቀራት ቤቷና የጓሮዋ ጎመን ነው። ውበቱ ይህን ቢያነሳባት፣ "አንተ ሰው፣ ልትጠይቀኝ ነው የመጣኸው ወይስ ልትቀብረኝ?" ብላ ሸኘችው።

አንተ አዲስ አበባ ትምጣ ትላለህ። እኔ ከደጃፌ አትራቅ እላለሁ። እሷ ሁለታችንንም አትሰማም። በልጉ ቀረ፤ ክረምቱ ዘግይቶ ገባና አሁን ደግሞ ወንዙን ሞላው፤ ከሰኔ ወዲህ ከዚያ የወጣ ሰው አላየንም። ወንዙ ሲጎድል እኔው ራሴ እወርዳለሁ። እስከዚያው ያየሁትን እንጂ የፈራሁትን አልጽፍልህም።

እህትህ ካሰች ላቀው


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1966 ዓ.ም.

እታለም ካሰች፣

ሰላምታዬን ስላሳጠርኩ ይቅር በይኝ። በጨው ነጋዴው እጅ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ደጋግሜ አነበብኩት። በሩ ከውጭ በጠፍር ታስሮ፣ ጓሮው እስከ ሥሩ ተነቅሎ፣ እሷ የለችም? ጎረቤታችን አካሉስ? ሚስቱስ? ልጆቻቸውስ? አንድ ደብር ሙሉ ሰው ወዴት ይገባል?

እዚህ ሰው ምን ይላል ብለሽ ጠይቀሽኛል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ምንም አይልም ነበር። እኔም በማተሚያ ቤቱ ቆሜ ፊደል የምለቅመው ስለ በዓልና ስለ ግብዣ ነበር። ሰሞኑን ግን ተማሪዎች ከወሎ የመጣ ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ለጥፈው አየሁ። መንገድ ዳር የተቀመጡ ሴቶች ናቸው። ሰው ገፍቼ ገብቼ እምዬን በየፊታቸው ፈለግኋት። አንዷን "እሷ ናት!" ብዬ ጮህኩ። አልነበረችም። አጠገቤ የቆመ ሰው ትከሻዬን ይዞ አወጣኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እጄ ፊደል መያዝ አቅቶታል፤ "ሀ" ስፈልግ "ሐ" አነሳለሁ።

ፈልጊያት። ካገኘሻት አንድም ነገር አትጠይቂያት፤ ብቻ ወደ እኔ ላኪያት። ብርሀንነሽ የጓዳውን ክፍል አጽድታ አልጋ አስገብታላታለች። እኔ ለመምጣት ፈቃድ ጠይቄ ተከልክያለሁ። አንቺ ለእኔም ሁኚልኝ።

ወንድምሽ ንጉሡ


ወረኢሉ፣ ኅዳር 7 ቀን 1966 ዓ.ም.

ወንድም ዓለም፣

አገኘኋት። በሕይወት አለች። ይህን ያስቀደምኩት የሚቀጥለውን ስታነብ ልብህ እንዲጸና ነው።

ከወረኢሉ ከተማ ዳር ለረሃብተኛ የተሠራ መጠለያ አለ። ሽታውን አልጽፍልህም። ከዳስ ዳስ ስዞር ዋልኩ፤ በመጨረሻ አህመድ የሚባል፣ ገንፎ የሚያድል ሰው "አንዲት የቄስ ሚስት አለች" ብሎ ወሰደኝ። ጥግ ላይ ተቀምጣለች። እግሯ አብጧል፤ ፊቷ ከመክሳቱ የተነሳ ጥርሷ ብቻ ቀርቷል። ከፊቷ ወደቅሁ።

"እምዬ! እኔ ነኝ፤ ካሰች!"

ቀና ብላ አየችኝ። አውቃኛለች፤ ከዓይኗ ለየሁት። ከዚያ ወደ አህመድ ዞረችና፣ "ይቺን ሴት አላውቃትም" አለችው።

"እናቴ ናት!" አልኩት።

"ልጅሽ አይደለችም?" ብሎ ጠየቃት።

"ልጅ የለኝም። ወልጄ አላውቅም። ስገባም ነግሬያችኋለሁ።"

ንጉሡ፣ እጄን ከትከሻዋ ላይ አንስታ ወደ ጎን አደረገችው፤ የሰው ዕቃ እንደሚያነሱ። አህመድ አዘነልኝ። "አብሽሪ፣ እህቴ። ረሃብ ልቦና ይነሳል" ብሎ እጄን ይዞ ወደ ውጭ መራኝ። የእምዬ ልቦና ግን ከእሷ ጋር ነው። ሐሰት ስትናገር የታችኛው ከንፈሯ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ያን ጊዜም ገብቶ ነበር።

አሁን ያረፍኩት ከአንዲት ጠላ ሻጭ ቤት ነው። ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም። ሴትዮዋ "ሞታ ነው ያገኘሻት?" አለችኝ። ወደ አገር ቤት ሰው ልከህ አታውቅም? አንተ ያስቀየምካት ነገር አለ? እኔስ ምን አድርጌያታለሁ?

ካሰች


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 26 ቀን 1966 ዓ.ም.

እታለም፣

አንድ ደብዳቤ "ጎትተሽም ቢሆን አምጫት" ብዬ ጽፌ ቀደድኩት። ሌላ ጻፍኩና እሱንም ቀደድኩት።

ያስቀየምኳት ነገር ትዝ አይለኝም። በፋሲካ የላክሁላት ጋቢ ደርሷት "ሞቀኝ" ብላ ልካብኛለች። በቁጣ ሰውነቴ ጋለ፤ ከዚያ ደግሞ አፈርኩ። ያን ያህል በተራበ ሰው ላይ ማን ይቆጣል? ብርሀንነሽ አልጋውን አንሶላ አልብሳ ትታዋለች። በዚያ በኩል ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

ተመልሰሽ ሂጂ። በሰው ፊት ሳይሆን ብቻዋን ስትሆን ቅረቢያት። "ልጅ የለኝም" ካለች ለእኔም ለአንቺም ስትል ምክንያቱን ትንገረን። ከዚያ በኋላ ብትረግመንም እንችለዋለን።

ንጉሡ


መካነ ሰላም፣ ጥር 20 ቀን 1966 ዓ.ም.

ወንድም ዓለም፣

እንኳን ለጥምቀቱ አደረሰህ። እምዬ አጠገቤ ናት፤ "ደህና ናት በይው" ትላለች። ደህና ናት። አሁን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ከውበቱ ጋር ተመልሰን ሄድን። ወደ መጠለያው ሳልገባ ሴቶቹ ውሃ ከሚቀዱበት ምንጭ ዳር ተቀምጬ ጠበቅኳት። ከረፋዱ ላይ መጣች። በአንድ እጇ አበዛሽን ይዛለች፤ በሌላው አራጌን። የአካሉ ልጆች ናቸው፤ የጎረቤታችን። አበዛሽ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፤ አራጌ ገና ጥርሱን እየነቀለ ነው። እምዬ ዙሪያውን አየችና እንስራዋን አስቀምጣ አንገቴን አነቀችኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ።

"ምነው ያን ቀን ገደልሽኝ?" አልኳት።

"ዝም በይ። እነዚህን አታዪም?"

አካሉ መንገድ ላይ ቀርቷል። ሚስቱ ከእሱ በፊት ቤቷ ውስጥ ነው ያለፈችው። እምዬ ሁለቱን ይዛ፣ በሯን አስራ፣ ወንዙ ወደ እኔ አላሻግር ቢላት በእግሯ ወረኢሉ ገባች። ከመጠለያው በር ላይ የሚጦረው ዘመድ ያለውን ሰው ትንሽ ስንቅ ሰጥተው ወደ ዘመዱ ይመልሱታል፤ ብቻውን የመጣ ሕፃን ደግሞ ተለይቶ ወደ ሌላ ቦታ ይጫናል። ይህን ከፊቷ በተሰለፉት ላይ ሲደረግ አይታለች።

"ልጅ አለኝ ብል 'ወደ ልጅሽ ሂጂ' ይሉኛል። እነዚህንም 'የአንቺ አይደሉም' ብለው ይወስዱብኛል። እኔም ልጅ የለኝ፣ እነሱም ሰው የላቸው አልኩና አብረን አስገቡን። አንቺ እየጮህሽ ስትመጪ፣ እማኝ ይዘሽ የመጣሽብኝ ነው የመሰለኝ።"

"ለእኔ በጆሮዬ ብትነግሪኝስ?"

"የአንቺ ፊት ምስጢር አይችልም" አለች። አራጌ ሳቀ። መጀመሪያ ያየሁት ሳቅ ነው።

እንግዲህ ወደ እኔ ነይ አልኳት። "ሦስታችንም ከሆንን እሺ፤ ካልሆነ እዚሁ እንሞታለን" አለች። ውበቱን አየሁት። የእኛን ልጆች እንዴት እንደምናበላ ሌሊት ከሌሊት የሚያስብ ሰው ነው። "በቅሎዋ ሁለት ሕፃን ትችላለች። እማማን ምን ላይ እናስቀምጣቸው?" አለ። ይኸው ነው። ሦስቱም ከዚያ ወዲህ እኔ ቤት ያድራሉ።

አሁን የአንተን ሐሳብ ጻፍልኝ። ሦስቱንም ትቀበላለህ ወይ?

ካሰች


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 4 ቀን 1966 ዓ.ም.

እታለም፣

መልሴ የዘገየው በሥራ ማቆም አድማው ብቻ አይደለም። ከተማው በየቀኑ ሌላ ነው፤ ትናንት የተፈራው ሚኒስትር ዛሬ ታሰረ ይባላል። እኔ ግን መልስ አጥቼ ነው የዘገየሁት።

ሁለት ክፍል ነው ያለኝ። ብርሀንነሽ ነፍሰ ጡር ናት። እምዬ ብቻዋን ከሆነች ነገ ትምጣ፤ ከልጆቹ ጋር ከሆነ ግን ቤት እስክፈልግ ታገሺኝ። እዚህ አሳዳጊ ያጡ ልጆችን የሚቀበል ቤት አለ ብለውኝ ሄጄ አየሁት፤ ንጹሕ ነው፤ ያስተምራሉ። ይህን ለእምዬ አንብቢላት ብዬ ልጽፍ አስቤ ነበር። አታንብቢላት። ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ ትክክል መሆኗንም አውቃለሁ። ቢሆንም ክፍሌ ሁለት ነው።

ለውበቱ እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ።

ንጉሡ


መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 23 ቀን 1967 ዓ.ም.

ወንድም ዓለም፣

ዘግይቼም ቢሆን፣ ብርሀንነሽን እንኳን ማርያም ማረችልህ። ቤት መፈለጉን ተው። እምዬ ሄዳለች።

አትደንግጥ። መሬት የሕዝብ ሆነ የሚለው አዋጅ እዚህ ሜዳ ላይ ሲነበብ ከእኔ ጋር ነበረች። ሰው እልል አለ። አንባቢው ሲጨርስ ሰዉን እየገፋች ወደ ፊት ሄደች።

"ልጄ፣ እዚያ ላይ ሴት ይላል?"

"ይላል እማማ። ጾታ አይለይም ይላል።"

"አሮጊትስ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። አቅም የሌለው ሰው በሌላ ሰው ማሳረስ እንደሚችል ሲነግራት፣ "ድገምልኝ" አለችው። ደገመላት።

ማታ ጓዟን ስትጠቀልል ደረስኩባት። ምን አስቀየምኩሽ ብዬ ጮህኩባት፤ ውበቱም ለመናት።

"ምንም አላስቀየማችሁኝ" አለች። "ግን እዚህም እንግዳ ነኝ፣ ንጉሡ ቤት ብሄድም እንግዳ ነኝ። ባሌ ሲሞት መሬቱ ለቄስ ነው ብለው ነጠቁኝ። አሁን ለእኔ የሚሰጠኝ ሲገኝ በእንግድነት ልቀመጥ?"

"እምዬ፣ እግርሽ ያብጣል እኮ!"

"በሬ ነው የሚያርሰው፤ እግሬ አይደለም።"

ስልሳ አምስት ያለፋት ሴት ጎጆ ልትወጣ! ልጆቹን ተዪልኝ ብላት አበዛሽ ተነስታ ከኋላዋ ቆመች። ውበቱ ሸኝቷቸዋል። የገበሬ ማኅበሩ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለውን ተዳፋት ሰጥቷታል፤ ጎረቤት እያረሰላት ነው። አእምሮዋን ነክቷት እንደሆነ ትጠይቀኝ ይሆናል። እኔም ራሴን ጠይቄ ነበር። ባለፈው ሳምንት ወርጄ ከማሳዋ ጠጠር ስትለቅም አየኋት። አልነካትም።

ካሰች


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 15 ቀን 1967 ዓ.ም.

እታለም፣

"አብዳለች ወይ" ብዬ የጻፍኩትን ካላነበብሽላት ቅደጂው። ያን አዋጅ እኮ በገዛ እጄ ነው ፊደሉን የለቀምኩት! ስለቅም ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አራሹ ሲባል ግን የማስበው ሌላ ሰው ነበር፤ ጎበዝ ወንድ፣ ሞፈር የተሸከመ። እናቴ ትመጣለች ብዬ አልጠረጠርኩም።

እሺ ብሏል በያት፤ የእኔን እሺታ ባትጠብቅም። ለዘር የሚሆን ትንሽ ነገር በውበቱ ስም ልኬያለሁ።

ስለ ሥራዬና ስለ ሠራተኛ ማኅበራችን ላልሽው፣ በቃል ስንገናኝ ይሻላል።

ንጉሡ


ጥድ አምባ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1969 ዓ.ም.

ወንድም ዓለም፣

ይህን ደብዳቤ ያመጣችልህ እናትህ ናት። ጠባቂዎቹ እንደሚያነቡት አውቃለሁ፤ የምጽፈውም የቤተሰብ ነገር ብቻ ነው፤ ያንብቡት።

ብርሀንነሽ ሕፃኗን አዝላ ከእምዬ ደጅ የደረሰችው በኅዳር ነው። እኔም ተጠርቼ ወረድኩ። መታሰርህን ያን ቀን ሰማን። ከማተሚያ ቤቱ ስትወጣ እንደወሰዱህ፣ እሷንም ሁለት ጊዜ ጠርተው እንደጠየቋት፣ ሦስተኛውን ፈርታ እንደወጣች ነገረችን። ስንቅህን ለጎረቤት አደራ ብላ ነው የመጣችው፤ ጎረቤት ደግሞ ስንት ቀን ይደፍራል? እያለቀሰች "ነገ እመለሳለሁ" ትላለች። ጡቷም በድንጋጤ ደርቆ ነበር።

እኔ እሄዳለሁ አልኩ። ውበቱ እሄዳለሁ አለ። እምዬ ገብስ ትቆላ ነበር። ስንጨቃጨቅ ቆየንና፣ "ያ ገብስ ለምንድን ነው?" ብላት፣ "ለመንገድ" አለች።

"የማን መንገድ?"

"የእኔ። ካሰች ብትሄድ የእስረኛ እህት ትባላለች። ይቺ ብትመለስ ትታሰራለች። እኔን ማን ይፈራኛል? አንዲት ባላገር አሮጊት ናት ይሉኛል።"

መኪና ላይ ወጥታ የማታውቅ ሴት! ደሴን እንኳ አታውቅም። "ከተማ አልወድም ስትዪ አልነበረም?" አልኳት። "አሁንስ እወዳለሁ መቼ አልኩ?" አለች። የቤትህን ቁልፍ ከብርሀንነሽ ተቀብላ በመቀነቷ ቋጠረችው። አዝመራው ሳይሰበሰብ ነው የምትነሳው። እኔ ልጆቼን ይዤ እዚህ ነኝ፤ ውበቱና አበዛሽ ያጭዳሉ፤ ልጅህ ከአራጌ እቅፍ አትወርድም። የብርሀንነሽም ጡት ተመልሷል።

ስንቅ ስታመጣልህ ተቆጣት፣ ተመለሺ በላት። እንደማትሰማህ አውቃለሁ፤ ግን እኔ ብቻዬን የተቆጣኋት እንዳይመስላት።

ካሰች


ታኅሣሥ 28 ቀን 1969 ዓ.ም.

እታለም፣

አጭር ወረቀት ተፈቅዶልኛል። ደህና ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ስንቄን ስከፍት ጭኮ አገኘሁ። ገብስና ቅቤ፣ የጥድ አምባ። ሳህኑ ከእጄ ወደቀ። አብረውኝ ያሉት መርዝ ያየሁ መስሏቸው ተነሱ። ብርሀንነሽ ጭኮ መሥራት አታውቅም።

ብርሀንነሽና ልጄ እናንተ ዘንድ መሆናቸውን አነበብኩ። ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ንጉሡ


አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ መጋቢት 30 ቀን 1969 ዓ.ም.

እታለም ካሰች፣

ከትናንት በስቲያ ለቀቁኝ። ለምን እንዳሰሩኝ አልነገሩኝም፤ ለምን እንደለቀቁኝም አልነገሩኝም። ከክፍላችን ስሜ ሲጠራ ወዴት እንደምሄድ አላወቅሁም። ከእኔ በፊት ተጠርተው ያልተመለሱ አሉ፤ ስለ እነሱ አልጽፍልሽም። ሁለት ሰው ደግፎ አወጣኝ። በሩ ሲከፈት ፀሐይ ነበር።

እምዬ በር ላይ ቆማለች። ቀኑን ማንም አልነገራትም፤ ስንቅ ይዛ እንደ ሁልጊዜው መምጣቷ ነው። አየችኝና ሳህኑን መሬት አስቀመጠች። አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። እጄን፣ ክንዴን፣ ጆሮዬን፣ ሁሉንም እየዳሰሰች አየች። "ሙሉ ነህ" አለች። ከዚያ ስንቁን አንስታ ለጠባቂው ሰጠችውና፣ "ለዚያ ማንም ለማይጠይቀው ልጅ ስጥልኝ" አለችው። "እሺ እማማ" አላት። ጠባቂው ምናለ ይባላል፤ የሳይንት ልጅ ነው። እምዬ አክስቱን ታውቃቸዋለች።

ወደ ቤት ስንገባ ሰፈሩ ሁሉ እሷን ሰላም ይላል፤ እኔን ግን ፈርቶ ዓይኑን ይሰብራል። ጓዳው ውስጥ አልጋው እንዳለ ነው፤ እሷ የተኛችው ከበሩ ሥር፣ ቁርበት አንጥፋ ነው። "አልጋው ከፍ ይላል፣ እወድቃለሁ" አለችኝ። ሦስት ወር ሙሉ ቤቴ ውስጥ የኖረችው እናቴ፣ ቤቴ ውስጥ ከእኔ ጋር ያደረችው ሁለት ሌሊት ነው።

ትናንት ማተሚያ ቤቱ ሄጄ ነበር። በቦታዬ ሌላ ሰው ቆሟል። ኃላፊው ደጁ ላይ አገኘኝና ሰላም ሳይለኝ፣ "እዚህ አትምጣ፤ ለእኛም ለአንተም ስትል" አለኝ። ተመልሼ መጥቼ ምን እንደማደርግ፣ ብርሀንነሽንና ልጄን በምን እንደማሳድር ስብሰለሰል አመሸሁ። እምዬ የምትነግረኝ ግን ስለ አዝመራው ነው፤ ውበቱ ክምሩን ከዝናብ አርቆ እንደሆነ፣ አበዛሽ ትምህርት ቤት መግባት እንዳለባት፣ በልጉ ዘንድሮ እንደጣለ ከመንገደኛ እንደሰማች።

"እምዬ፣ እዚህ ከእኔ ጋር ብትቀሪስ?" አልኳት። ያልኳትን ስላላመንኩበት ነው መሰለኝ ድምፄ ራሱ ለጆሮዬ ባዳ ነበር።

"አንተ ወጥተሃል። እዚህ ምን ሥራ አለኝ?" አለች።

ዛሬ ጠዋት ስነቃ ጓዟን ጨርሳ ነበር። ረፋድ ላይ አውቶቡስ እንዳለ ጎረቤት ጠይቃ ሰምታለች። ወደ አንቺ ይህን እየጻፍኩ ሳለሁ ቁልፉን ከመቀነቷ ፈታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ። አብሬሽ ልምጣ፣ አስጠጊኝ ለማለት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ አፈርኩ። "ብርሀንነሽን በሚመጣው መኪና ላኪልኝ" ልላት ነበር፤ ሥራ ወደሌለበት ቤት ላኪልኝ ማለት ግን ከበደኝ። ብዕሬን ይዤ ተቀመጥኩ።

እሷ ደጃፉ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ አየችኝ።

"ምን ትጠብቃለህ? ጋቢህን ልበስና በሩን ቆልፍ" አለች።

ይህን ደብዳቤ ራሴ ይዤልሽ እመጣለሁ።

ንጉሡ